እናትሽን ይዘሽ ወደ አሳቲግ፦ በአርቪ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ቤተሰብ

ጥያቄው፦ «በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እንኖራለን። ዕድሜዬ 34 ነው። ባለቤቴና ሁለት ልጆች አሉኝ፤ 6 እና 10 ዓመታቸው ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እስከ ጥቅምት ድረስ ከእኛ ጋር ትቆያለች። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል፣ ውቅያኖስ አይታ አታውቅም። በኦገስት አጋማሽ ትልቅ አርቪ (መኝታ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለው የጉዞ መኪና) ተከራይተን ለአምስት ሌሊት ወደ አሳቲግ ስቴት ፓርክ ለመሄድ አስበናል። አርቪ ነድተን አናውቅም። እናቴ ጾመኛ ናት። ከየት እንጀምር? ምን እናዘጋጅ?»

መልስ፦

እህቴ፣ በዕድሜ ስለምበልጥሽ «አንቺ» ብዬ ልጻፍልሽ። የአርቪ ጥገና ሥራ ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። አሳቲግ የሚባለው የውቅያኖስ ዳር ደሴት ደግሞ ከቤተሰቤ ጋር በየዓመቱ የምሄድበት ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም በደንብ አውቃቸዋለሁ፤ መኪናውንም፣ አሸዋውንም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ አርቪ የሚከራይ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ መንዳቱ ነው። መንዳቱ በአንድ ሰዓት ይለመዳል። ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም ውሃ ነው፤ ስንት ጋሎን ይዛችሁ ገባችሁ፣ ያጠባችሁበት የት ይጠራቀማል፣ የት ይፈሳል። አሳቲግ ላይ ይህ ከሌላው ቦታ ሁሉ ይብሳል። ምክንያቱም በየካምፕ ቦታው የውሃም የፍሳሽም መስመር የለም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ግን ቀኑን እናስተካክል። ያሰባችሁትን የኦገስት አጋማሽ ተዉት እላለሁ።

የኦገስት አጋማሽ ማለት ፍልሰታ ነው። ጾሙ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው። እናትሽ ቅዳሴ ሳይቀሩ የሚጾሙ ከሆነ፣ አምስት ቀን ከቤተ ክርስቲያን ርቀው አሸዋ ላይ መዋል ደስ አይላቸውም፤ ለእናንተ ብለው ግን እሺ ይላሉ። ሁለተኛ፣ ሙቀቱ ከባድ ነው። ሦስተኛ፣ ትንኙ። የአሳቲግ ትንኝ አዲስ አበባ እንደምናውቃት ቢምቢ እንዳይመስልሽ። ደሴቱ በአንድ ወገን ውቅያኖስ፣ በሌላው ወገን ጨዋማ ረግረግ ነው። ዝናብ በዘነበ ወይም ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር ረግረጉ ውስጥ ይፈለፈላል። በቀን ደግሞ ተናካሽ ዝንብ አለ። ንፋሱ ከውቅያኖስ ሲነፍስ ሁለቱም ይቀንሳሉ፤ ከረግረጉ በኩል ሲነፍስ ግን ውጭ መቀመጥ አይቻልም።

እኔ ብሆን ከሌበር ዴይ (ከሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) በኋላ፣ ለእንቁጣጣሽ የሚቀርበውን ዊኬንድ እይዛለሁ። ሴፕቴምበር 11 አካባቢ ውሃው ገና አልቀዘቀዘም። ሰዉ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ስለተመለሰ መንገዱ ይቀላል። ትንኙ ያን ጊዜም አለ፣ አልዋሽሽም፤ ከተፈጥሮው ጠንካራ ውርጭ እስኪመታው ድረስ አይጠፋም። ግን ማታ ማታ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ረጅም እጅጌ ለብሶ መቀመጥ ይቻላል። እናትሽም አዲሱን ዓመት ውቅያኖስ ዳር ይቀበላሉ።

ልጆቹ ትምህርት ስለሚጀምሩ አምስት ሌሊቱ ወደ ሁለት ወይም ሦስት ይወርዳል። ይህ ጉዳት አይደለም። አርቪ ለማያውቅ ቤተሰብ ሦስት ሌሊት ትክክለኛው መጠን ነው። ለምን እንደሆነ ስለ ታንኩ ሳወራ ይገባሻል።

ሴፕቴምበር ግን ሁለት ዕዳ አለው። አንደኛው የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ወቅቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን በጣም የሚበረታው በሴፕቴምበር አጋማሽ አካባቢ ነው። ስለዚህ አርቪውን ስትከራዪ ቀን መቀየር ወይም መሰረዝ የሚቻልበትን ውል ምረጪ። ማዕበል ይመጣል ከተባለ «ምናልባት ይተወን ይሆናል» ብላችሁ አትጠብቁ። ሁለተኛው ዕዳ የዋና ጠባቂዎች ነገር ነው። ከሌበር ዴይ በኋላ እንደ ሰመሩ በየቀኑ አታገኙአቸውም። ጠባቂ በሌለበት ልጆቹ ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ውስጥ አይግቡ። እናንተም ከጎናቸው እንጂ ወንበር ላይ አትሁኑ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ዋና የምንችለውም የተማርነው በገንዳ ውስጥ ነው። ውቅያኖስ ሌላ ነው። ሪፕ ከረንት የሚባል ጠባብ ጅረት አለ፤ ከዳር ወደ ውስጥ ይጎትታል። ከላይ ሲያዩት ውሃው ጸጥ ያለ፣ ማዕበል የማይሰበርበት ክፍት ቦታ ይመስላል። የማያውቅ ሰው እዚያ ይመቻል ብሎ ይገባል። ከያዘሽ ወደ ዳር ቀጥ ብለሽ አትታገይ፤ የሚገድለው ድካሙ ነው። ከባሕሩ ዳር ጋር ትይዩ ሆነሽ ወደ ጎን ዋኚ፣ ከጅረቱ ስትወጪ ወደ ዳር ተመለሺ። መዋኘት ካቃተሽ ተንሳፍፈሽ እጅሽን አውለብልቢ። ይህንን ለ10 ዓመቱ ልጅ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ቤት ውስጥ፣ በወረቀት ላይ ሥዕል ሥለሽ አስረጂው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ልጆች አሸዋ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው እንዳይገቡበት። ሲናድ ሰው ይቀብራል። ከትንሹ ልጅ ጉልበት በላይ የጠለቀ ጉድጓድ አይቆፈር።

ቀኑ ካለቀ ወደ ቦታ መያዝ። አሳቲግ ላይ ሁለት መንግሥታዊ ካምፖች ጎን ለጎን አሉ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው የሜሪላንድ ስቴት ፓርክ ነው። ሌላው የፌዴራሉ መንግሥት የሚጠብቀው የባሕር ዳር ክልል፣ ናሽናል ሲሾር ነው። ለእናንተ የሚሆነው ስቴት ፓርኩ ነው፤ ምርጫሽ ትክክል ነው። ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ ቤትና ውሃ የሚለቅ መጸዳጃ አለው። በፌዴራሉ በኩል ሻወሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ኤሌክትሪክ ያለው ቦታም የለም።

ስቴት ፓርኩ ከ300 በላይ የካምፕ ቦታዎች አሉት። ከእነዚህ ኤሌክትሪክ ያላቸው ግን 40 ገደማ ብቻ ናቸው። እናንተ የምትፈልጉት ከእነዚህ አንዱን ነው። ለቅንጦት አይደለም። 68 ዓመት የሆናቸው እናት በሞቃት ሌሊት ኤር ኮንዲሽነር ያስፈልጋቸዋል። ያለ ኤሌክትሪክ ኤር ኮንዲሽነር ማለት ጀነሬተር ማለት ነው፤ ጀነሬተር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አይፈቀድም፣ ጎረቤትም አያስተኛም። ቦታው እስከ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ስለሚያዝ አሁን ስትፈልጊ ሙሉ ሊሆን ይችላል። ተስፋ አትቁረጪ። ሰው ይሰርዛል። በየጠዋቱ የፓርኩን የሪዘርቬሽን ገጽ ክፈቺ። በተለይ ከሐሙስ የሚጀምር ቆይታ ፈልጊ፤ ዓርብ ላይ ሁሉም ይሻማል። ስትይዢ ለአንድ ቦታ ስንት ሰውና ስንት መኪና እንደሚፈቀድ አንብቢ። የእኛን ነገር አውቃለሁ። «እናታችን ሊሄዱ ነው» ሲባል አክስቱም፣ የአክስት ልጁም ይመጣል። ገደቡን ቀድመሽ ንገሪያቸው። መምጣት የፈለገ ለቀን ብቻ ይምጣ።

ጨርሶ ካልተገኘ ደላዌር ውስጥ ኬፕ ሄንሎፐን ስቴት ፓርክን እዪ። ውሃም ኤሌክትሪክም ያላቸው ቦታዎች አሉት። እንደ አሳቲግ የዱር ፈረስ ግን የለውም።

ስለ መኪናው። «ትልቅ አርቪ» ያልሽውን ተዪው። አምስት ሰው ናችሁ። 25 ጫማ ገደማ የሆነ፣ ከሾፌሩ በላይ አልጋ ያለው ሞተርሆም ይበቃችኋል። ክላስ ሲ ይሉታል። መደበኛ መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል። 32 ጫማ መንዳትም ማቆምም ለጀማሪ ከባድ ነው። ከሾፌሩ በላይ ያለው አልጋ የልጆቹ ይሁን። ከኋላ ያለው ቋሚ አልጋ የእናትሽ ነው። አንቺና ባለቤትሽ ጠረጴዛው ወደ አልጋ የሚዘረጋበት ላይ ትተኛላችሁ። ምቾት የለውም፣ ግን እናት በሌሊት ለመጸዳጃ ቤት ሲነሱ ሰው መርገጥ የለባቸውም።

ስትረከቢ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። የአርቪ መግቢያ ደረጃ ቀጥ ያለና ጠባብ ነው። ጉልበት ለሚያመው ሰው ያስቸግራል። ሦስቴ ይውጡ፣ ሦስቴ ይውረዱ። መጸዳጃው ላይ ይቀመጡ። ካልተመቻቸው ታጣፊ ሰፊ ደረጃ ግዢ፤ ከመሬቱ እስከ መጀመሪያው መርገጫ ያለውን ያቀርበዋል።

የመኪናችሁ ኢንሹራንስ የተከራያችሁትን አርቪ ይሸፍናል ብላችሁ አትገምቱ። ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ደውላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የኪራዩን ዋጋ ስታወዳድሪም በቀን ስንት ነው በሚለው ብቻ አትለኪ። ከስንት ማይል በላይ ይከፈላል? ጀነሬተሩ በሰዓት ይቆጠራል? ታንኩ ሳይፈስ ቢመለስ ስንት ይቀጣል? ጽዳትስ? ቤንዚኑን ልንገርሽ፤ እንዲህ ያለ ሞተርሆም በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ይሄዳል። ደርሶ መልሱ 300 ማይል ገደማ ስለሆነ ከ30 እስከ 38 ጋሎን ያዢ።

በርክክብ ጊዜ አትቸኩሉ። ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ሥራውን ከመጀመሬ በፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንከራይ ያከራየን ድርጅት ሠራተኛ በአሥር ደቂቃ አስረክቦን ሄደ። የመጸዳጃው ታንክ ከቀድሞው ተከራይ አልፈሰሰም ነበር። መለኪያውን አላየንም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሞላ። ልጆቼ ትንንሽ ነበሩ፤ ባለቤቴም ነፍሰ ጡር ነበረች። ያን ቀን ሙሉ በቆሻሻ ስንለፋ ዋልን። ስለዚህ ሁሉንም አስከፍቺ። የሦስቱን ታንኮች መለኪያ እዪ። ማቀዝቀዣው፣ ምድጃው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ይሥሩ። የፍሳሽ ቱቦው፣ የመጠጥ ውሃ ቱቦውና የኤሌክትሪክ ገመዱ መኖራቸውን በዓይንሽ እዪ። ሠራተኛው ሲያስረዳ ባለቤትሽ በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጽ። ሌሊት ላይ የምትፈልጉት ያንን ቪዲዮ ነው።

አሁን ወደ ውሃው። አርቪ ሦስት ታንክ አለው። አንዱ የንጹህ ውሃ ነው። ሁለተኛው ከሳህን ማጠቢያና ከሻወር የሚወርደውን ይይዛል፤ ግራጫ ይባላል። ሦስተኛው የመጸዳጃው ነው፤ ጥቁር ይባላል። በእናንተ መኪና እያንዳንዳቸው ከ30 እስከ 40 ጋሎን ይይዛሉ እንበል። አምስት ሰው ለአምስት ደቂቃ ብቻ ቢታጠብ፣ ሻወሩ በደቂቃ 2 ጋሎን ቢያፈስ፣ 50 ጋሎን ነው። በአንድ ምሽት ንጹሁ አለቀ፣ ግራጫው ሞልቶ ተረፈ። ስለዚህ ሰውነት የምትታጠቡት በፓርኩ መታጠቢያ ቤት ነው። ያለ ምንም ልዩነት። የአርቪው ሻወር አሸዋ ለረገጠ እግር እንኳ አይከፈት፤ አሸዋው ቱቦውን ይደፍነዋል። በር ላይ አንድ ሳፋ ውሃ አስቀምጪ። የአርቪው መጸዳጃ ለእናትሽና ለሌሊት ብቻ ይሁን። እንዲህ ካደረጋችሁ ታንኮቹ ሦስት ሌሊት ያለ ችግር ያልፋሉ። ሦስት ሌሊት ይበቃል ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ሳህን ስታጥቢ ደግሞ የእኛ ወጥ የራሱ ጠባይ አለው። በርበሬውና ዘይቱ ግራጫው ታንክ ውስጥ ገብቶ ይጋገራል፣ ይሸታል፣ መለኪያውንም ያሳስታል። ሳህኑን መጀመሪያ በወረቀት ጠርገሽ ወረቀቱን ጣዪ። ከዚያ እጠቢ። መጸዳጃው ውስጥ ደግሞ ቶሎ የሚሟሟው የአርቪ ሶፍት ብቻ ይግባ። የሕፃን መጥረጊያ ሶፍት፣ «ይሟሟል» ተብሎ ቢጻፍበት እንኳ፣ አይግባ። በየሳምንቱ ከማወጣቸው ድፍኖች ብዙዎቹ ከእሱ የመጡ ናቸው።

አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ይመዝናል። 40 ጋሎን ከ330 ፓውንድ ይበልጣል። ከቤት ሞልታችሁ አትነሱ። ለመንገድ የሚሆን ትንሽ ያዙ፣ ፓርኩ ውስጥ ካለው የውሃ መቅጃ ትሞላላችሁ። ስትወጡ ደግሞ በፓርኩ የፍሳሽ ማውረጃ ቁሙ። ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ ጥቁሩ ይፈሳል፣ ቀጥሎ ግራጫው፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን አጥቦት ይወርዳል። እሑድ ጠዋት ሰልፍ አለ። ቀደም ብላችሁ ውጡ፣ ወይም ከሰዓት ድረስ ባሕሩ ዳር ቆዩ።

ስለ ኤሌክትሪኩም እንዲሁ ልክ አለው። የእናንተ ዓይነት አርቪ 30 አምፕ ይጠቀማል፤ 3,600 ዋት ማለት ነው። ኤር ኮንዲሽነሩ ብቻውን 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከዚያ አይተናነስም። ማይክሮዌቭ ሲጨመር ይጠፋል። ምጣዱን ቤት ተዉት። እንጀራ ለመጀመሪያው ቀን ብቻ ውሰዱ፤ በሙቀትና በእርጥበት ቶሎ ይሻግታል። ለቀሪው ቀን ድርቆሽ የመሰለ የካምፕ ምግብ የለም። አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ ለፍርፍር ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ያዙ። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ካልዋለ ቋንጣ ፍርፍር አዘጋጁላቸው። የአርቪ ማቀዝቀዣ ለመቀዝቀዝ ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ከመነሳታችሁ ከአንድ ቀን በፊት ይከፈት። በፕሮፔንም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ዓይነት መኪናው ካዘመመ በደንብ አያቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ስትቆሙ ጎማው ሥር ማስተካከያ አድርጉና መሬቱን አስተካክሉ።

ቡና። ይህን የምለው ከልቤ ነው፤ ከሰል በምንም ዓይነት አርቪው ውስጥ አይገባም። አገር ቤት በከሰል ጭስ የሞተ ሰው ያልሰማ የለም። አርቪ ከጠባብ ክፍል ይጠብባል። ቡናው ቤት ተቆልቶ ይምጣ፤ ወይም ውጭ፣ በጋዝ ምድጃ ላይ ይቆላ። ዕጣኑም ውጭ ይጨስ። ጀበናው ካምፕ ምድጃ ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ ንፋስ እንዳያጠፋው ከኋላው መከለያ ብቻ አድርጉ። የማገዶ እንጨት ከቤት አትጫኑ። ዛፍ የሚያደርቁ ተባዮች በእንጨት ስለሚጓዙ እዚያው አካባቢ የሚሸጠውን ግዙ።

መንገዱ ቀላል ነው። ሩት 50 ይዛችሁ ወደ ምሥራቅ፣ በሶልዝበሪ አልፋችሁ፣ ከኦሽን ሲቲ በፊት ሩት 611 ላይ ወደ ደቡብ። የሚያስፈራው የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ነው። ከ4 ማይል በላይ ርዝመት አለው፣ ከፍ ይላል፣ መቆሚያ ዳር የለውም። ንፋስ ሲበረታ ተጎታች ቤቶችንና ለመገልበጥ የሚቀርቡ መኪናዎችን እስከ መከልከል ይደርሳሉ። ሞተርሆምም ረጅም ግድግዳ ነው፣ ንፋስ ይገፋዋል። ቀስ ብላችሁ፣ መሪውን በሁለት እጅ። የንፋሱን ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። ክፍያው ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ብቻ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። ዓርብ ከሰዓት በፍጹም አትነሱ። በጠዋት ተነሱ፤ ሦስት ሰዓቱ መንገድ በአርቪ አራት ሰዓት ነው ብላችሁ አስቡ።

የመኪናውን ከፍታ በወረቀት ጽፋችሁ ከመሪው ፊት ለጥፉ። 11 ወይም 12 ጫማ ይሆናል። ምግብ የሚሸጡ ቤቶች ጣራ ሥር እንዳትገቡ። የፕሮፔኑን ጋዝ ከመንዳታችሁ በፊት ዝጉት። ከባልቲሞር በኩል የሚመጣ ዘመድ ካለ ንገሩት፤ አብሮ የተሠራ የፕሮፔን ታንክ ያለው አርቪ በከተማው ሁለት የባሕር ሥር ዋሻዎች ማለፍ አይፈቀድለትም። ልጆቹ ደግሞ መኪናው ሲንቀሳቀስ አልጋ ላይ አይወጡም። የ6 ዓመቱ ወንበር ፊቱን ወደፊት ባዞረ መቀመጫ ላይ ይታሰር። የትኞቹ መቀመጫዎች ትክክለኛ ቀበቶ እንዳላቸው በርክክብ ጊዜ ጠይቁ።

ከ611 መጨረሻ የቬራዛኖን ድልድይ ስትሻገሩ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። ከዚህ በኋላ ፈረሶቹ መንገድ ላይ ናቸው።

ስለ ፈረሶቹ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ልጆቹም እናትሽም ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት እነሱን ነው። ባለቤት የላቸውም፤ የዱር ናቸው። ሆዳቸው የተነፋ ይመስላል። ወፍረው አይደለም፤ የሚግጡት የረግረግ ሣር ጨዋማ ስለሆነ ውሃ በብዛት ይጠጣሉ። ካምፑ መሃል ይሄዳሉ፣ ድንኳን ሥር ያሸታሉ። ሕጉ ቢያንስ 40 ጫማ ራቁ ይላል፤ የአንድ አውቶቡስ ርዝመት ማለት ነው። ወደ እናንተ ከመጡ እናንተ ሂዱ። ይነክሳሉ፣ ይራገጣሉ።

አንድ ጊዜ ከጎናችን ያረፈ የአገራችን ቤተሰብ መሶቡን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ባሕሩ ሄደ። ሁለት ፈረሶች መጡ፣ ክዳኑን በአፍንጫቸው ገፍተው እንጀራውን ጨረሱት። ልጆቹ ሲመለሱ ደስ አላቸው፣ ፎቶ አነሱ። እኔ ግን አዘንኩ። ሣር የለመደ ፈረስ ዳቦና እንጀራ ሲበላ ሆዱን ያመዋል፤ እስከ ሞት ያደርሰዋል። ከዚያም የባሰ አለ። የሰው ምግብ የቀመሰ ፈረስ ሰውን መፍራት ይተዋል። ቺፕ የሚባል አንድ ፈረስ ነበር። ምግብ ፍለጋ ካምፑን ለመደ፣ ሰዎችንም አቆሰለ። በ2022 ከደሴቱ ተነሥቶ ቴክሳስ ወዳለ የእንስሳት መጠለያ ተወሰደ። ተወልዶ ባደገበት ባሕር ዳር መኖር ያልቻለው ሰው ምግቡን ስላልዘጋበት ነው። ስለዚህ ምግብ ሁሉ፣ የበረዶ ሣጥኑም ቢሆን፣ አርቪው ውስጥ ይቆለፍ። እናትሽ ለእንስሳ የሚራሩ ከሆነ ቁራሽ መስጠት ይፈልጋሉ። ቀድመሽ አስረጂያቸው።

ደሴቱ ራሱ ታሪክ አለው፤ ለ10 ዓመቱ ልጅ ንገሪው። በ1933 የመጣ አውሎ ነፋስ መሬቱን ሰንጥቆ ኦሽን ሲቲን ከአሳቲግ ለያቸው። ከዚያ በኋላ ባለሀብቶች እዚህ የመዝናኛ ከተማ ለመሥራት መሬት ሸነሸኑ፣ መንገድም ጠረጉ። በማርች 1962 ለቀናት የቆየ ማዕበል ያንን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። በ1965 የፌዴራሉ መንግሥት ቦታውን ናሽናል ሲሾር አደረገው። የዚያ መንገድ የተሰባበረ አስፋልት ዛሬም ከዱኖቹ መሃል ባለው የእግር መንገድ ላይ ይታያል። ዱኑ የአሸዋ ክምር ብቻ አይደለም፤ ማዕበል ሲመጣ የሚከላከላችሁ እሱ ነው። በተሠራው መሻገሪያ ብቻ እለፉ። ከአርቪው ጎን የሚዘረጋውን ጥላ ደግሞ ትታችሁት ስትሄዱና ስትተኙ ሁልጊዜ እጠፉት፤ የባሕሩ ንፋስ በአንድ አፍታ ይገነጥለዋል።

ኦሽን ሲቲን ለማየት ከፈለጋችሁ አርቪውን ይዛችሁ ከተማው ውስጥ አትግቡ። ዌስት ኦሽን ሲቲ ላይ መኪና አቁሞ በአውቶቡስ የሚገባበት ቦታ አለ። የጎደለ አስቤዛም እዚያው አካባቢ ይገኛል።

ለትንኙ ዲት ወይም ፒካሪዲን ያለበት ቅባት፣ ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው ረጅም ልብስ፣ የእግር ሹራብ። የእናትሽ የአገር ልብስና ነጠላ ለዚህ በጣም ጥሩ ነው። ዙሪያው መረብ የሆነ ድንኳን ይዛችሁ ጠረጴዛውን እንዲሸፍን ትከሉ፤ ቡናው እዚያ ውስጥ ይጠጣ። የድንኳኑ ካስማ ረጅሙ፣ ለአሸዋ የሚሆነው ይሁን፤ ተራው ይነቀላል። ማታ ማታ የልጆቹን እግር ለመዥገር ፈትሹ።

በመጀመሪያው ጠዋት ከአሜሪካ ሰዓት 6፡00 በፊት ተነሺ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው 6፡40 ገደማ ነው። ልጆቹ ይተኙ፣ ባለቤትሽ አብሯቸው ይቆይ። ቡናውን በቴርሞስ ያዢ፣ አንድ ታጣፊ ወንበር በትከሻሽ አንጠልጥዪ። በመሻገሪያው ላይ እናትሽን በክንዳቸው ደግፊያቸው፤ ቁልቁለቱ ላይ አሸዋው ይለሰልሳል፣ ጉልበታቸውን ያስቸግራል። ከታች ሲደርሱ ጫማቸውን ያውልቁ። ወንበሩን እርጥቡ አሸዋ የሚጀምርበት ጋ አስቀምጪላቸው፤ ጠንከር ስለሚል አይሰምጥም።